ርካሿ ሳጥን ታፏጫለች

ጋሼ ጆሮ ይሉታል። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጠፍቶ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከድምፅ መቅጃ ስቱዲዮ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ስለኖረ ነው። ዘፋኟ በየትኞቹ ጥርሶቿ መካከል እንዳፏጨች ሳይቀር ያውቃል ይባልለት ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሥራው ቀረ እንጂ ስሙ አልቀረም። ሬዲዮ የሚገዛ፣ ስፒከር የሚለውጥ፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚከራይ የሰፈር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። አይኮራም ብል ውሸቴን ነው። ይኮራል፤ ለዚያውም ደረቱን ነፍቶ።

የራሱ የሆነ የአፈታተን ሕግ አለው። "ሲዘፍንማ ሁሉም ጎበዝ ነው፤ ዕቃ የሚፈተነው ዝም ሲል ነው" ይላል። ዘፈኑን ያስጠፋል፣ የድምፁን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ያዞራል፣ ቀኝ ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ይለጥፋል፣ ግራውን በአውራ ጣቱ ይደፍናል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። በዙሪያው የቆመ ሰው ትንፋሹን ይውጣል። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፤ ይግባኝ የለውም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቤቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ፉጨት ሰላም ነስቶታል። መጀመሪያ ፍሪጁ ነው አለና ከሚስቱ ጋር ተጋግዘው ከሳሎን ወደ ጓዳ ገፉት። አልተወውም። ቀጥሎ የኮሪደሩ መብራት ነው ብሎ የሕንፃውን ጥበቃ አፋጠጠ። ጥበቃው አምፖሉን ለወጠለት፤ ጋሼ ጆሮ ግን "አሁንም ይጮኻል" አለው። ጥበቃው አምፖሉን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወረደ።

ይሄ የማወራላችሁ ጉዳይ የተጀመረው ግን ልጁ አሮጌ ላፕቶፕ ስታመጣለት ነው። እሱ በዘመኑ የቀዳቸውን ዘፈኖች ከካሴት ክር ላይ አስገልብጣ፣ አንድም ሳታስቀር ጭናበት ሰጠችው። ሰውየው እንባው መጣ። ችግሩ፣ ላፕቶፑን በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል ከሚወደው አሮጌ ቴፕ ጋር ሲያገናኘው ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ሆነበት። ላፕቶፕ ዘፈኑን በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው፤ ቴፑ ደግሞ ቁጥር አያውቅም። በመካከላቸው ቁጥሩን ከላፕቶፑ በተሻለ ወደ ድምፅ የምትቀይር አንዲት ትንሽ ሳጥን ታስፈልጋለች። ነጋዴዎቹ ዳክ ይሏታል። የወርቅ ዋጋ የሚጠራባት አለች፣ የጡረተኛ አቅም የሚችላትም አለች።

የምትቻለዋ ያለችው ጠጋኟ ዘንድ ነበር። ጠጋኟ ከፀጉር ቤቱ አጠገብ በአንድ በር ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ የምትጠግን ሴት ናት። ስቱዲዮ ውስጥ ገመድ ስትጠቀልል አግኝቷት፣ ብየዳውንም ማዳመጡንም ያስተማራት እሱ ነው። ሱቁን ስትከፍት በሩ ላይ ቆሞ መርቋታል።

"ይቺ ትበቃዎታለች ጋሼ" አለችው፣ ከመደርደሪያው ላይ ከተደረደሩት ስድስት ጥቋቁር ሳጥኖች አንዷን እያወረደች። "ርካሽ ናት ብለው ግን አይናቋት። ሰሌዳዋን አስመጥቼ እኔው ነኝ የገጣጠምኳት።"

"አንቺ ከነካሽው ምን እሰጋለሁ!" አላት። ከልቡ ነበር።

ቤቱ ገባ። ሰካ፣ አገናኘ፣ አንድ ዘፈን ከፈተ። ብርድ ልብሱ ተገፈፈ። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት የቀዳት ዘፋኝ መጥታ ሳሎኑ መሀል የቆመች መሰለው። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይሄን ሁሉ ባላወራሁ ነበር። ግን ጋሼ ጆሮ ነውና አላቆመም። ዘፈኑን አጠፋ፣ ቁልፉን ዳር አደረሰ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣ ሌላውን ደፈነ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ፉጨት! ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ እንደ መርፌ የሚወጋ ፉጨት።

"አይ ልጄ!" አለ፣ አንገቱን እየነቀነቀ። "አይ ልጄ፣ አሳፈርሽኝ።"

በነጋታው ሳጥኗን ይዞ ወረደ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ደግሞ ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨ ሰው ወንበር ላይ ትቶ ወሬ ፍለጋ በሩ ላይ ቆሟል። ይሄ ፀጉር አስተካካይ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። ጠጋኟን ወደ ጎን ጠርቶ መናገር ይቻል ነበር። ጋሼ ጆሮ ግን ሰው ሲያይ ድምፁ ይከፈታል።

"ይቺ ሳጥን ታፏጫለች።"

ጠጋኟ ደነገጠች። ተቀብላ ከመሞከሪያዋ ስፒከር ጋር አገናኘችና ልክ እሱ እንዳስተማራት ጆሮዋን ለጠፈች፣ ሌላውን በአውራ ጣቷ ደፈነች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ግንባሯ ላይ ላብ ነበር።

"ጋሼ፣ እኔ ምንም አይሰማኝም።"

"አይሰማሽም?" ወደ ደንበኞቹ ዞረ። "አይሰማትም! እኔ ያስተማርኩሽ ይሄን ነው? ይሄን የማይሰማ ጆሮ ይዘሽ ነው ለሰው ዕቃ የምትሸጪው?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከደንበኞቹ አንዱ ሊገዛት በእጁ የያዛትን ሳጥን ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ መለሳት። ጠጋኟ አልተከራከረችም። "ይቅርታ ጋሼ" ብላ ገንዘቡን መለሰችለት። አንገቷ ድረስ ቀልታ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ግማሽ ልጩ ሰውዬ እየሮጠ ተመለሰ። "ጋሼ ጆሮ አፏጨች ካሉ አፏጭታለች፤ አለቀ" ሲል ሰማው። ያን ቀን ይሄ ንግግር ደስ አሰኝቶት ነበር። በኋላ ያንን ደስታ ባስታወሰ ቁጥር አፈር በበላሁ ይል ነበር።

ሁለተኛዋን ሳጥን ከዋናው መንገድ፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ከሆነው ትልቁ መደብር ገዛት። ሚስቱ ለመጋረጃ ያሰበችው ገንዘብ እዚያ ሄደ። ቤት አምጥቶ ጆሮውን ለጠፈ። ታፏጫለች! መልሶ ወሰዳት፤ እዚያ ግን አልጮኸም። ለስላሳ ወለል፣ ክራባት ያሰረ ሻጭ፣ "ምን ልታዘዝ?" የሚል ፈገግታ ሲያይ አፉ ተሳሰረ። "ሐሳቤን ቀይሬ ነው" አለ በሹክሹክታ። ርካሿን በአደባባይ የከሰሰ ሰው ውዷን በጓዳ በር አሰናበታት።

ሦስተኛዋን ከቀድሞ ባልደረባው ተዋሰ። ስቱዲዮ ውስጥ የምትሠራ፣ ክብደቷ ራሱ የሚያስከብር ሳጥን ናት። ቅዳሜ ጠዋት አመጣት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያን ቀን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጨርሳ መተኮስ ነበረባት። ልብሶቹን ጠረጴዛው ላይ ከምራ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እሱ እጥፍ ብሎ ስፒከሩ ሥር ተንበርክኳል፤ ዓይኑ ጭፍን፣ አውራ ጣቱ ጆሮው ውስጥ።

"አንቺዬ! ነይ! ይቺም ታፏጫለች!"

"የቷ?" አለች ሚስቱ።

"ይቺው ናታ! የስቱዲዮዋ! ዓለም ተበላሸ ማለት ነው። አንድ ንጹሕ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ጠፋ? እስቲ ስሚልኝ ይሄን ጩኸት!"

ሚስቱ ካውያውን ልብሱ ላይ ከማሳረፏ በፊት ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ እኮ" አለች።

"የቱን?"

"የቴፑን። ካውያውን ልሰካ ብዬ። ሩብ ሰዓት ይሆነዋል።"

ዓይኑን ገለጠ። የቴፑ ቀይ መብራት ጠፍቷል። ገመዱን በዓይኑ ተከተለው፤ በሶፋው ሥር አልፎ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አጠገብ፣ ሶኬቱ መሬት ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ጆሮውን ከስፒከሩ ላይ ቀስ አድርጎ አነሣ። ፉጨቱ ግን ስፒከሩ ላይ አልቀረም፤ አብሮት ተነሣ።

ፍሪጁ ትዝ አለው። ጥበቃው ከነመሰላሉ ትዝ አለው። የመስታወቱ መደብር ትዝ አለው። ከሁሉ በኋላ የመጣችው፣ አልሄድ ያለችውም፣ ላብ ያቸፈፈባት የጠጋኟ ግንባር ናት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። መሬቷ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የምትገኝ የሊሾ ወለል ስለነበረች አልተሰነጠቀችም።

"ታውቂ ነበር?" አላት፣ ከተንበረከከበት ሳይነሣ።

"ስልክህ ሲጠራ አትሰማም። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ከመኝታ ቤት የምሮጠው እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ?" አለች ሚስቱ። "አንተን? ስለ ጆሮ?"

"ሌላ ሰውም ያውቃል?"

"ጥበቃው ጠይቆኝ ነበር" ብላ ካውያውን አነሣች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሚስቱም ጥበቃውም ሲያውቁት የከረሙትን ጉዳይ መጨረሻ ላይ የሰማው ባለጉዳዩ ነበር።

ሚስቱ ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው እሺም እምቢም አላላትም። ሳምንት ሙሉ በፀጉር ቤቱ በኩል ማለፍ ትቶ፣ ዳቦ ለመግዛት የመኪና ማጠቢያውን ዞሮ፣ ጭቃ እየረገጠ ይሄድ ነበር። የተዋሳትን ሳጥን ለባልደረባው ሲመልስ "እንዴት ነበረች?" ቢለው "ደህና ናት" ብሎ ዓይኑን ሸሸው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ። ደግሞስ ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው? ሰው ይረሳል። የተሰደበችው አንዲት ሳጥን ናት እንጂ ሰው አልሞተ። እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን ሲያባብል፣ አንድ ማለዳ ፀጉር አስተካካዩ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከፊቱ ድቅን አለ።

"ጋሼ ጆሮ! ጠፉ እኮ! ለመሆኑ የዚያችን የጠጋኟን ነገር ሰሙ?"

"ምን ሆነች?"

"ሳጥኖቹን ከመደርደሪያ አውርዳ በሙሉ ፈታታቻቸው። ቀኑን ሙሉ እንደርስዎ ጆሮዋን ለጥፋ መዋል ሆኗል ሥራዋ። ደንበኛ ሲመጣባት 'አልደረሰም' ብላ ትመልሳለች። ወሩ ሲያልቅ ሱቁን ልትለቅ ነው።"

"ለምን ትለቃለች?"

"'ጋሼ የሰሙትን ካልሰማሁ ምኑን ጠጋኝ ሆንኩ?' አለችኛ።"

ዳቦውን ሳይገዛ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንድ ውሸት ሠራ። ጥሩ ውሸት ነበረች፤ ማንንም አትጎዳም። "የቤቴ የኤሌክትሪክ መስመር ነው ጥፋቱ፤ ሳጥኗ ምንም የለባትም" ይላል። እሷም ሱቋን ታተርፋለች፣ እሱም ስሙን። ሸሚዙን ለወጠ። ደረጃውን ሲወርድ ውሸቷን እንደ ትምህርት ቤት ግጥም ይደጋግማት ነበር።

ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ግን አፉን ሳይከፍት ጠጋኟ ብድግ አለች።

"ጋሼ! እንኳን መጡ! ያገኘሁት መሰለኝ! ኤሌክትሪኩን የሚያጣራውን ዕቃ በስድስቱም ላይ ለወጥኩት። እስቲ ይስሙልኝ።"

ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ቦታ ለቀቁለት። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ መጣ። ሰውየው ምን ያድርግ? ጎንበስ አለ። ጆሮውን ለጠፈ፣ ሌላውን ደፈነ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ፉጨቱ እዚያው ነው፤ ቤቱን ትቶ የት ይሄዳል? ቀና አለ። ሁሉም አፍ አፉን ያያሉ። የሠራት ውሸት ጠጋኟ አገኘሁት ካለች ወዲህ ቦታ አጣች፤ በምትኳ ሌላ፣ ከዚያም የቀለለች አንዲት ቃል ምላሱ ላይ መጣች።

"ጠፍቷል" አለ።

"አላልኳችሁም!" ብሎ ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ። ባልና ሚስቱ ሳቁ፤ ባልየው "እንግዲህ አንዷን ለእኛም" አለ። ሁሉ ነገር አለቀ፤ ማንም አልተዋረደም። ሰውየው እፎይ ሊል ደረቱን ሲከፍት ጠጋኟን አያት። አልሳቀችም። በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ የብየዳ ጠባሳ ያለባቸውን ጣቶቿን ታያለች።

"እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ያኔም አልሰማሁትም። አሁንም መጥፋቱን አልሰማሁም። ዝም ብዬ በግምት ነው የለወጥኩት። ይሄን ያህል ዓመት ለፍተውብኝ ጆሮዬ አልሆነም ማለት ነው። ሱቁን መልቀቄ አይደለም የሚቆጨኝ። የርስዎን ስም ማሰደቤ ነው።"

ይቅርታ እየጠየቀችው ነበር። እሷ፣ እሱን። ሰውየው ባንኮኒውን ያዘ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሠራው ጥፋት የአንድ ቀን ቁጣ ይመስለው ነበር። አሁን ግን ገባው፤ ጤነኛ ጆሮዋን ቀምቷት የራሱን በሽተኛ ጆሮ ሰጥቷት ሄዷል። ያንን ደግሞ "ጠፍቷል" በምትል አንዲት ቃል አሁን፣ ለሁለተኛ ጊዜ፣ እያወቀ አደረገው። የአዋቂ አጥፊ ማለት ይሄ ነው።

"ሶኬቱን ንቀይ" አላት።

"የሳጥኗን?"

"የሁሉንም። የስፒከሩንም።"

ግራ ገብቷት ነቀለች። መብራቶቹ ጠፉ። ሰውየው እንደገና ጎንበስ አለ። ጆሮውን በድን የሆነው ስፒከር ላይ ለጠፈ፣ ሌላውን ደፈነ። ዓይኑን ግን አልጨፈነም፤ በገለጠው ዓይኑ እሷን እያየ፣

"አሁንም ታፏጫለች" አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ማንም አልተከተለውም፤ ሳቁን ሰበሰበ።

"ሳጥኗ አይደለችም፤ እኔ ነኝ" አለ ሰውየው። "የትልቁ መደብርም አፏጨችብኝ። የስቱዲዮዋም አፏጨችብኝ። ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቆም አፏጨብኝ። ሰው ፊት ያዋረድኩት ያንቺን ብቻ ነው። ቅድም ጠፍቷል ያልኩትም ውሸቴን ነው።"

ጠጋኟ ተነሥታ መጣች። አጠገቡ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን እዚያው በድን ስፒከር ላይ አደረገች፤ ፊቷ ከፊቱ አንድ ስንዝር ራቀ። ልክ እሱ እንዳስተማራት ሌላውን በአውራ ጣቷ ደፈነች።

"ምንም አይሰማኝም ጋሼ።"

"ልክ ነሽ" አላት። "ያኔም ልክ ነበርሽ።"

ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ሰውየው "ይቅር ብዬዎታለሁ" የምትለው መስሎት ጠበቀ።

"ሃያ ሁለት ቀን ነው ጆሮዬን ስጠላ የከረምኩት" አለችው።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። የባልየው ሚስት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ የሌላ ሰው ገበና ማየት ከብዷት ይሆናል። ሰውየው ቀና ሳይል፣

"ያቺን ርካሿን ስጪኝ፤ እሷው ትሻለኛለች" አለ።

ጠጋኟ አንዷን አውርዳ ሰካች፤ ራሷ አዳመጠች፤ ማንንም ሳትጠይቅ አንገቷን በ"ደህና ናት" ነቀነቀች። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው። "የአንድ ዓመት ዋስትና አላት፤ ብልሽት ካለ ያምጧት" አለችው፣ ለማንኛውም ደንበኛ እንደምትለው አድርጋ። ወዲያው ወደ ባልና ሚስቱ ዞራ "የናንተ ሬዲዮ ምን ሆነ?" ብላ ጠየቀች።

ሳጥኗን ደረቱ ላይ አቅፎ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ዘወር አለለት። መቀሱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ምላሱ እንደልማዱ ቀድሞት፣

"ደህና ይዋሉ ጋሼ ጆ…" ብሎ ቀሪውን ዋጠው። "ደህና ይዋሉ፣ ጋሼ።"